ምግብዎን በምን ዓይነት ከረጢት ያስቀምጣሉ?

ከገበያ የመጣው ዕቃ ሁሉ ተራግፎ ካበቃ በኋላ ባዶው ፌስታል ወዴት እንደሚገባ የቤት እመቤት ሁሉ ታውቀዋለች። ተጨምድዶ ከማዕድ ቤቱ በር ኋላ በተንጠለጠለው በሌላ ፌስታል ውስጥ ይጠቀጠቃል። ተራው ሲደርስም ለተረፈው ዳቦ፣ ለቆስጣው፣ ለጥሬ ሥጋው፣ አንዳንድ ጊዜም ገና ትኩስ ለሆነው እንጀራ ይወጣል። ይህን የምታደርግ እናት ቆጣቢ እንጂ ግድየለሽ አይደለችም። ነገር ግን ስሱ ፌስታል የተሠራው ዕቃን ከሱቅ እስከ ቤት ለማድረስ ነው፤ ምግብ ይዞ እንዲያድር አይደለም። በተለይም ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ከየትም ተሰብስቦ ዳግመኛ ከቀለጠ ፕላስቲክ የሚሠራ በመሆኑ ከሚበላ ነገር ጋር ባይነካካ ይመረጣል።

ከዚህም ሌላ የስሱን ፌስታል መንገድ ሕግ ዘግቶበታል። በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነና በአፈር ውስጥ የማይበሰብስ የፕላስቲክ ከረጢት ለማምረትም ሆነ ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ተደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አጽድቆ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን የፕላስቲክ ከረጢት ማምረት፣ ማስገባት፣ መሸጥና መጠቀም ከልክሏል።

እንግዲህ እመቤቴ፣ በፌስታሉ ቦታ ምን ይተካል? መልሱ ታጥቦና ደርቆ ደጋግሞ የሚያገለግል ከረጢት ነው። ስያሜው አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለአገራችን ማዕድ ቤት እንግዳ አይደለም። አቁማዳውና ስልቻው እህልና ዱቄት ሲይዙ፣ ሲራገፉና ተመልሰው ሲሞሉ ለብዙ ዓመታት ያገለግሉ ነበር። (ስልቻን ዛሬ መልሰን እንስቀለው ማለቴ አይደለም። ሽታው ከዱቄቱ ጋር እንደሚጋባ የቀመሰ ሁሉ ያውቃል።) ዛሬ በእጃችን ያሉት በሦስት ይከፈላሉ፤ እነርሱም የጨርቅ ከረጢት፣ አፉ በዚፕ የሚዘጋ ወፈር ያለ ላስቲክ፣ እንዲሁም ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ወይም በትልልቅ መደብሮች የሚገኘው የሲሊኮን ከረጢት ናቸው።

ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ግን ከመነሻው ስሕተት ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ምግቡ ነው። መተንፈስ የሚፈልግ ምግብ አለ፤ መታፈን የሚፈልግም አለ። የሚተነፍሰውን ካፈኑት ያልበዋል፣ ይሻግታል። መታፈን ያለበትን ለአየር ካጋለጡት ደግሞ ይደርቃል ወይም ይነቅዛል።

ቀላሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ድንች፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በላስቲክ ታፍነው ማደር የለባቸውም። ወንፊትነት ያለው የመረብ ከረጢት ወይም ሳሳ ያለ ጨርቅ ይበቃቸዋል። ድንቹ ከብርሃን ይራቅ፤ ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ክፍል ደግሞ ሶላኒን የተባለ መርዛማ ነገር አለበት። ድንችና ሽንኩርትም በአንድ ከረጢት አይኑሩ፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ታጥበው ውኃቸው ከተንጠፈጠፈ በኋላ በረጠበ የጨርቅ ከረጢት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጡ በፌስታል ከታፈኑት ይልቅ ጠንክረው ይቆያሉ። ዳቦ ለአንድና ለሁለት ቀን ከሆነ ጨርቅ ይስማማዋል። ከዚያ በላይ እንዲቆይ ከፈለጉ ቆራርጠው በሚታፈን ላስቲክ በረዶ ቤት ያስገቡት እንጂ ከማቀዝቀዣው መደርደሪያ ላይ አያኑሩት፤ ዳቦ በመደርደሪያው ቅዝቃዜ ከውጭ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል።

እንጀራና ከወፍጮ የመጣ ዱቄት

ዋናው ጣጣ ያለው ከእነዚህ ከሁለቱ ላይ ነው።

ከምጣድ የወጣ እንጀራ እንፋሎቱን ሳይጨርስ ከተነባበረና በላስቲክ ከታፈነ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ወደ ውኃ ይለወጣል። ከላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ጤዛ የሚታየው እርሱ ነው። ውኃው ተመልሶ ከእንጀራው ላይ ይንጠባጠባል፤ ሻጋታም የሚጀምረው ከዚያ ነጥብ ነው። ያለ ማቀዝቀዣ ሦስትና አራት ቀን ሊቆይ የሚችል እንጀራ በዚህ አኳኋን በሁለተኛው ቀን ሲነጥብ ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዱ እንጀራ በሰፌድ ላይ በሚገባ ይብረድ፤ ከዚያ በኋላ ይነባበር። ከደጃፍ ወይም ከሱቅ ሲገዙም እንጀራው ትኩስ ከሆነ ቤት እንደገቡ ወዲያው ከያዘው ላስቲክ አውጥተው ይዘርጉት።

ለማደሪያው ደግሞ ሰፋ ያለ ታጣቢ ላስቲክ ያዘጋጁና ከታች አንድ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ከላይም ሌላ ጨርቅ ያድርጉለት። ላስቲኩ እንጀራው እንዳይደርቅ ይከላከላል፣ ጨርቁ ደግሞ ላቡን ይጠጣል። ጨርቁን በየሁለት ቀኑ በደረቅ ይለውጡ። ሥራ የሚበዛባት እናት በሳምንት አንድ ቀን ጋግራ ከፊሉን አራት አራት አድርጋ በማጣጠፍ በበረዶ ቤት ብታኖረው፣ በሚያስፈልጋት ቀን አውጥታ በእንፋሎት ስታሞቀው ልስላሴው ይመለስላታል።

የዱቄቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። ሽሮም ይሁን በርበሬ ከወፍጮ ቤት ሲመጣ ለብ ያለ፣ አንዳንዴም እጅ የሚያቃጥል ነው። ወፍጮው በፍትጊያ ያሞቀዋልና። ብዙዎቻችን እንደ መጣ በያዘው ከረጢት አፉን አስረን እናስቀምጠዋለን። በማግስቱ ከረጢቱን የከፈተች ሴት ዱቄቱ ከዳር ከዳር መጓጎሉን ታያለች። ያ ጓል እርጥበት ነው። እርጥበት ያገኘ ዱቄት ደግሞ ከውጭ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ሊሻግት ይችላል።

እዚህ ላይ ነገሩን ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። በለውዝ፣ በበቆሎ፣ በበርበሬና በሽሮ ላይ ከሚበቅሉት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። በአገራችን የተደረጉ ምርምሮችም በገበያ ላይ ባለ ሽሮና በርበሬ ውስጥ ይህን መርዝ አግኝተዋል። መርዙ ጉበትን የሚጎዳ፣ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደም ለጉበት ነቀርሳ ምክንያት የሚሆን ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን በማብሰል የማይጠፋ መሆኑ ነው። ሽሮው ቢንተከተክ፣ በርበሬው ቢቁላላ መርዙ እንዳለ ይቀራል። በቅመም ብዛት ጣዕሙን መሸፈን ይቻላል፤ ጉዳቱን ግን አይቻልም። ስለዚህ የሻገተ ሽሮ ነፍቶ ወይም ፀሐይ አስመትቶ መጠቀም፣ የነጠበን እንጀራ ዳር ዳሩን ቆርጦ ቀሪውን ለልጆች ማቅረብ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። የሻጋታው ሥር ዐይን ከሚያየው ቀለም አልፎ ይሄዳል። የአንድ ኪሎ ሽሮ ዋጋ በዛሬ ጊዜ ቀላል እንዳልሆነ ይህች ጸሐፊ ሳትገነዘብ ቀርታ አይደለም። ገንዘቡን ማዳን የሚቻለው ግን ከመሻገቱ በፊት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዱቄቱ ከወፍጮ እንደ መጣ በንጹሕ አንሶላ ወይም በሰፊ ትሪ ላይ ሳሳ አድርገው ይዘርጉትና ፈጽሞ እስኪበርድ ይጠብቁ። ከዚያ ይከፋፍሉት። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚያልቀውን በጨርቅ ከረጢት አድርገው ደረቅ ቦታ ይስቀሉት። ለወራት የሚቆየው ግን ለጨርቅ አይሰጥም፤ ጨርቅ የክረምቱን እርጥበት ይስባል፣ ነቀዝንም አያግድም። እርሱ አየር በማያስገባ ወፍራም ላስቲክ ወይም ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ይታፈን። በረዶ ቤት ያላት እመቤት ዱቄቱን በታፈነ ላስቲክ አድርጋ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ለአራት ቀን ብታቆየው ከወፍጮ ቤት የመጣ የነቀዝ ዕንቁላል ቢኖር ይሞታል። ስታወጣው ግን ላስቲኩን ሳትከፍት ሙቀቱ ከቤቱ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ትጠብቅ። በቀዝቃዛው ከከፈተችው እርጥበት ከአየር ተስቦ ዱቄቱ ላይ ያርፋልና ልፋቷ ከንቱ ይሆናል።

ለውጭ አገር ዘመድ በርበሬና ሽሮ የምታሰናዱ እናቶችም ይህንኑ ልብ በሉ። ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ቤይሩት የሚሄደው ሻንጣ ውስጥ ያለ ዱቄት ቀናት ታፍኖ ይጓዛል። ሞቅ እንዳለ ከታሸገ የሚደርሰው ተጓጉሎ ነው።

ከረጢቱን በቤት መስፋት

የጨርቅ ከረጢት ለመግዛት አይቸኩሉ። ያረጀ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ ወይም አቡጀዴ ካለ ይበቃል። ሽመናው ጠበቅ ያለ፣ ከጥጥ ብቻ የተሠራና ቀለም የማይለቅ ይሁን። ጨርቁን ከመቁረጥዎ በፊት በሙቅ ውኃ ይጠቡት፤ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባልና። ለሁለት ኪሎ ያህል ሽሮ የሚሆን ከረጢት ለመስፋት ወርዱ 28፣ ርዝመቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ይቁረጡ። በርዝመቱ ለሁለት አጥፈው ግራና ቀኙን ይስፉ። ለያንዳንዱ ጎን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ለስፌት ይተዉ። ስፌቱን ድርብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይኸውም መጀመሪያ በውጭ በኩል ጠርዙን በስሱ ሰፍቶ፣ ከዚያ ገልብጦ ያንኑ ጠርዝ በመደበቅ ዳግመኛ መስፋት ነው። እንዲህ ካልተደረገ ዱቄት በጥሬው የጨርቅ ጠርዝ ውስጥ እየተሰገሰገ ሲታጠብ አይለቅም፤ የነቀዝም መሸሸጊያ ይሆናል። ከአፉ በኩል አምስት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፈው ገመድ ማሳለፊያ ይስፉለት። ሲያልቅ ወርዱ 25፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

በአሮጌ ጨርቅ ይሠራ ያልኩት ለኪስ ብቻ ብዬ አይደለም። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ባወጣው ጥናት፣ አዲስ የጥጥ የገበያ ከረጢት በአየር ንብረት ላይ ከሚያስከትለው ጫና አንጻር ብቻ ሲታይ ከተራ የፕላስቲክ ከረጢት ጋር እኩል ለመሆን ቢያንስ 52 ጊዜ ማገልገል እንዳለበት ተሰልቷል፤ ሌሎች ጉዳቶች ሁሉ ሲደመሩ ቁጥሩ ወደ ሺዎች ይወጣል። ጥጥ ማብቀል ብዙ ውኃና መሬት ይበላልና። ባለ ሥዕሉን አዲስ ከረጢት ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ማስተኛት እንግዲህ ለማንም አይበጅም። ቤት ያለው የትራስ ልብስ ግን ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሏል።

ባለ ዚፕ ላስቲክና ሲሊኮን

ወፈር ያለው ባለ ዚፕ ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ከፖሊኤቲሊን ይሠራል። ሲገዙ በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ። 2 እና 4 ፖሊኤቲሊን፣ 5 ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ እነዚህ ለምግብ ከሚውሉት ወገን ናቸው። 3 ቁጥር ለምግብ ማስቀመጫ አይመረጥም። ከቁጥሩም ሌላ ለምግብ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ወይም የብርጭቆና የሹካ ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ።

ይህ ላስቲክ ሙቀትን አይወድም። የሚንተከተክ ወጥ ከድስት ወደ ላስቲክ መገልበጥ፣ በተለይም ዘይት ወይም ቅቤ የበዛበትን፣ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው። ላስቲኩ ይለሰልሳል፤ ከላስቲኩ ወደ ምግብ የሚሸጋገረው ኬሚካልም ሙቀትና ስብ ባለበት ይጨምራል። ይህን የምጽፈው በተለይ ለሠራተኛ እናቶች ነው። ወደ ሥራ የሚወሰደው ትኩስ ወጥ በብረት ወይም በመስተዋት የምሳ ዕቃ ይሂድ። ለልጅ መክሰስ የሚሆነውን ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦና ያልተላጠ ፍራፍሬ ግን ባለ ዚፑ ላስቲክ ወይም የጨርቁ ከረጢት በሚገባ ይችለዋል።

ሲሊኮን ሙቀትና ቅዝቃዜ ይችላል። አብዛኛው ከ200 ዲግሪ በላይ እንደሚቋቋም በላዩ ይጻፍበታል። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ካለዎት ለሚገባው ሥራ ይጠቀሙበት። በእኔ አስተያየት ለሲሊኮን ከረጢት የሚገባው ሥራ ቁሌት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሽንኩርት በአንድ ድስት አቁላልቶ፣ አብርዶ፣ ለአንድ ወጥ የሚበቃውን እየለዩ በየከረጢቱ ማድረግ፣ አየሩን በእጅ ገፍቶ ማስወጣትና እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ አድርጎ በረዶ ቤት ማስተኛት ነው። ጠፍጣፋው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይሟሟል፣ ቦታም አይፈጅም። ከሥራ በአሥራ ሁለት ሰዓት የገባች እናት ሽንኩርት ስትከትፍና ስታቁላላ የምታጠፋውን ጊዜ ከልጆቿ ጋር ትቀመጥበታለች።

የበሰለ ምግብ ግን «ይብረድ» ተብሎ ከምድጃ ዳር ማደር የለበትም። ጀርሞች የሚፋጠኑት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ ይመክራል። ድስቱን በቀዝቃዛ ውኃ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ማማሰል ያፋጥነዋል። መብራት ሲጠፋም ከረጢቶቹ ይጠቅማሉ። በጠፍጣፋ ከረጢት ጢም ብሎ የተሞላ በረዶ ቤት በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሹ ብቻ የተሞላው ግን 24 ሰዓት ያህል ነው። የማቀዝቀዣው መደርደሪያ ያለ መብራት የሚታመነው ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር በሩን እየከፈቱ «ቀልጦ ይሆን?» ማለት ማቅለጥ ነው።

ለጥሬ ሥጋና ለዶሮ የዋለ ላስቲክ ለሌላ ምግብ አይመለስ። ከስፌቱና ከዚፑ ጥርስ መካከል የሚቀረውን ደም በእጅ ማጠብ ማስወገድ ያስቸግራል። ለሥጋ የሚሆን አንድ ክዳን ያለው ዕቃ ለይቶ መያዙ ይሻላል፤ በማቀዝቀዣው ውስጥም ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ደሙ ከላይ ሆኖ በሰላጣ ላይ እንዳይንጠባጠብ።

ጾም በሚጠበቅበት ቤት ሌላ ጉዳይ ይነሳል። የንጥር ቅቤ ሽታ ከላስቲክ በቀላሉ አይለቅም፤ ከሲሊኮን ደግሞ ይብሱን አይለቅም፣ ሲሊኮን ስብና ሽታ ይጠጣልና። ዶሮ ወጥ ያደረበት ከረጢት ታጥቦ ቢነጻም የጾም ምስር ሲገባበት የቅቤ ሽታው ይመጣል። የጾሙንና የፍስኩን መለየት እንግዲህ የግድ ነው። የጨርቅ ከረጢቶች ከሆኑ የገመዳቸው ቀለም ይለያይ፤ ላስቲክና ሲሊኮን ከሆኑ በማይለቅ ቀለም አንድ ምልክት ይደረግባቸው። ምልክቱን ለቤቱ ሰው ሁሉ ያሳዩ፤ የምታውቁት እርስዎ ብቻ ከሆኑ ሌላው ሰው ያገኘውን ያነሳል።

አጠባውና ማድረቁ

ደጋግሞ የሚያገለግል ከረጢት በሚገባ ካልደረቀ ከፌስታሉ ይብሳል። ፌስታሉ ቢያንስ ይጣላል፤ እርጥብ ሆኖ የታጠፈው ከረጢት ግን ሻጋታውን ከአንዱ ምግብ ወደ ሌላው ያሻግራል።

አጠባው ከባድ አይደለም። ከረጢቱን ገልብጠው ለብ ባለ ውኃና በተራ ሳሙና ማዕዘኑንና የዚፑን ጥርስ በለስላሳ ብሩሽ ይሹት፣ ከዚያ በሚገባ ያለቅልቁ። የበርበሬ ቅላት ቢቀር አያስጨንቅዎ፤ ቀለም ብቻ ነው። ጣትዎ ሲነካው ካሟለጨ ግን ስቡ አልለቀቀም፣ ይደገም። የጨርቁን ከረጢት ሽቶ ባለው የልብስ ሳሙና አይጠቡት፤ ሽሮዎ የሳሙና ሽታ ይይዛል። ለማድረቅ የወጥ ማማሰያ በኩባያ ውስጥ አቁመው ከረጢቱን አፉን ወደ ታች አድርገው ይድፉበት፤ ውስጡ አየር ያገኛል። የጨርቁን ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ይጠቅመዋል። ላስቲኩን ግን ፀሐይ ላይ አያክርሙት፤ ይሰነጣጠቃል። በሐምሌና በነሐሴ በአዲስ አበባ ብርድ ከረጢት ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ ላይደርቅ ስለሚችል በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ውስጡን መጥረግ ያስፈልጋል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖር እናት «ይህን ሁሉ በምን ውኃ?» ብትል እውነት አላት። ቆሎና ደረቅ ዳቦ የያዘው በየጊዜው መታጠብ አያስፈልገውም፤ አራግፎ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። የሚታጠቡትን በአንድ ሳፋ ውኃ በቅደም ተከተል ማጠብ ይቻላል፤ መጀመሪያ የአትክልቱ፣ ቀጥሎ የእንጀራው፣ መጨረሻ የወጡ።

ደግሞስ ማጠቡ የማን ሥራ ነው? ፌስታል ይቅር በተባለ ቁጥር አዲሱ ሥራ የሚወድቀው በእናት ላይ ብቻ ከሆነ ቤቱ አልተለወጠም፣ ድካሟ ጨመረ እንጂ። ማታ ሦስት ከረጢት አለቅልቆ መድፋት የአባወራ እጅ የማይችለው ሙያ አይደለም። የአሥር ዓመት ልጅም፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የራሱን የመክሰስ ከረጢት አጥቦ መስቀል ይችላል።

እህል በኩንታል ለሚገዙ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር። ባቄላ፣ ሽምብራና በቆሎ በተራ ማዳበሪያ ከረጢት ሲቀመጡ ነቀዝ ይጨርሳቸዋል። ፒክስ በመባል የሚታወቀው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ለዚህ የተሠራ ነው። በአሜሪካው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራ መጀመሪያ ለአፍሪካ የአደንጓሬ ዘመድ ለሆነ የጥራጥሬ እህል ታስቦ የወጣ ሲሆን በአገራችንም ይሠራበታል። ሁለቱ ውስጠኛ ላስቲኮች እያንዳንዳቸው ታፍነው ይታሰራሉ፣ የውጭኛው ሽምን ደግሞ ይደግፋቸዋል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ሲጨርስ መብላቱንና መራባቱን ያቆማል፣ ይሞታልም። መድኃኒት አያስፈልገውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ለነቀዝ ተብሎ በየገበያው የሚሸጠው ክኒን እርጥበት ሲያገኝ መርዛም ጋዝ የሚለቅ ስለሆነ ሰው በሚተኛበት ቤት ከተቀመጠ ሕይወት ያጠፋል። እህሉ ግን ደርቆ ይግባ፤ ከረጢቱ እርጥብ እህል አያደርቅም። በየቀኑ ከፍቶ መጨለፍም አየር ያስገባልና የወር ፍጆታን ለይቶ አውጥቶ መልሶ ማሰር ያስፈልጋል። ውስጠኞቹ ላስቲኮች እስካልተበሱ ድረስ ለሚቀጥለው ዓመት እህልም ያገለግላሉ። መበሳታቸውን ለማወቅ በአየር ሞልቶ አፉን በመያዝ ጫን ማለትና ጆሮን አስጠግቶ ማዳመጥ ነው።

ባለ ዚፑ ላስቲክም በዚሁ ዘዴ ይፈተናል። ውኃ ሞልተው ገልብጠው ይያዙት። ካንጠባጠበ ወይም ዚፑ አልገጥም ካለ፣ ወይም ላስቲኩ ነጣ ብሎ ከተሰነጣጠቀ ለምግብነቱ አብቅቷል። ጠርዙን በመቀስ ቆርጠው የዚፑን ምልክት ያጥፉበት፣ ማንም ተሳስቶ ሽሮ እንዳይከትበት፤ ከዚያ ለአዝራር፣ ለክርና ለመርፌ መያዣ ያድርጉት።